«አልታየም» ማለት «ድኗል» ማለት አይደለም፤ ግን አያስተላልፍም

ጥያቄ፦ «29 ዓመቴ ነው። ልንጋባ ያሰብነው ሰው ከአምስት ወር በፊት ተመርምሮ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። በዚያው ሳምንት መድኃኒት ጀመረ። ከዚያ በፊት ያለ ኮንዶም ግንኙነት ነበረን። በነገረኝ በሦስተኛው ሳምንት ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ በኮንዶም እንጠቀማለን። በሦስተኛው ወር የቫይረሱ መጠን ሲለካለት ‹አልታየም› የሚል ውጤት መጣ። እሱ ‹ከእንግዲህ ወደ አንቺ አይተላለፍም› ይላል። እህቴ ደግሞ ‹እያታለለሽ ነው፣ ከአንድ ብርጭቆ እንኳ አብረሽው አትጠጪ› ትለኛለች። ድኖ ይሆን? ያኔ ያልያዘኝ ደሜ ስለማይቀበለው ነው? የተገረዘ ወንድ አያስተላልፍም የሚባለውስ እውነት ነው? ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ሳይጠይቁኝ የቀረው ከጠየቁኝ ሁሉ ይቀድማል። እርስዎ ዛሬ ነፃ መሆንዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጅዎ የለም። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን አይደለም፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ በቂ ሆኖ በምርመራው እስኪታይ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። እርስዎ የተመረመሩት ከመጨረሻው ያልተጠበቀ ግንኙነት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። የዚያን ቀን «ነፃ ነሽ» ያለዎት ወረቀት በእውነቱ የሚናገረው ከዚያ ቀደም ስላሉት ወራት እንጂ ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት አይደለም። አሁን አምስት ወር አልፏል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት አንድ ምርመራ ያንን ጊዜ ይዘጋዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ውጤትዎ ነፃ ይሆናል ብዬ ነው። ካልሆነም መድኃኒቱን በዚያው ቀን መጀመር ይቻላል፤ ልጅ የመውለድ ሐሳብዎም አይሰረዝም።

«ደሜ አይቀበለውም» የሚለውን እዚሁ ላይ ይተዉት። አንዲት ሴት መድኃኒት ከማይወስድ፣ ቫይረሱ በደሙ ካለ ወንድ ጋር በምታደርገው የሴት ብልት ግንኙነት የመያዝ ዕድሏ በአማካይ ከ10,000 ግንኙነት 8 ያህል እንደሆነ ይገመታል። አነስተኛ ይመስላል፤ ብዙ ጥንዶች ለወራት አብረው ኖረው አንዳቸው ነፃ ሆነው የሚገኙትም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን አማካይ ቁጥር አታላይ ነው። ሰውየው በቅርቡ የተያዘ ከሆነ በደሙ ያለው ቫይረስ በአንድ ሚሊ ሊትር ሚሊዮኖች ሊደርስ ይችላል፤ ከሁለት አንዳቸው የብልት ቁስል ካላቸውም አደጋው ብዙ እጥፍ ይጨምራል። በተፈጥሮ ቫይረሱ ወደ ነጭ የደም ሕዋሳቸው የሚገባበት በር የተዘጋባቸው ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው። እነሱ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የሚገኙትም በአብዛኛው የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ነው፤ ጥበቃቸውም ቢሆን ከሁሉም የቫይረሱ ዓይነት አይደለም። እርስዎን ያተረፈዎት ዕድል ነው፤ ዕድልን ደግሞ የመከላከያ ዘዴ አድርጎ መያዝ አይቻልም።

እጮኛዎ አልዳነም። ቫይረሱ በሽታ የመከላከል ሥራ የሚሠሩ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ የራሱን ዘር በሕዋሱ ዘር ላይ ይሰፋል፤ ከእነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ለዓመታት ያንቀላፋሉ። መድኃኒቱ የሚያስቆመው የሚባዛውን ቫይረስ ነው፤ የሚያንቀላፋውን አይነካውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በአብዛኞቹ ሰዎች ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይነሣል። «አልታየም» የሚለው ቃል የመለኪያ መሣሪያው ቋንቋ ነው። መሣሪያው ሊቆጥር ከሚችለው በታች ሆኗል ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም። «ደኅና ሆኛለሁ» ብለው መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህን የተሳሳተ ተስፋ የሚሰጣቸው ደግሞ በደስታ ስሜት የሚተረጎም አንድ ወረቀት ነው።

ይሁን እንጂ «ወደ አንቺ አይተላለፍም» ያለዎት ነገር ውሸት አይደለም። ጊዜው ግን ትንሽ ይቀረዋል። በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ሲወርድ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለውም አብሮ ይወርዳል፤ የሚተላለፈው ነገር ሲጠፋ መተላለፉም ይቀራል። የስዊዘርላንድ ሐኪሞች በ2008 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በእ.ኤ.አ. ናቸው) ይህን በግልጽ ሲጽፉ ከየአቅጣጫው ተወግዘው ነበር። በ2011 የወጣውና ውጤታቸው የተለያየ 1,763 ጥንዶችን የተከታተለው ጥናት ግን በጊዜ የተጀመረ ሕክምና መተላለፍን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያም ፓርትነር የተባለው የአውሮፓ ጥናት ያለ ኮንዶም የሚገናኙ 888 ጥንዶችን ተከታትሎ በ2016 ውጤቱን አወጣ፦ ወደ 58,000 በሚሆን ግንኙነት ከታከመው ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም ቫይረስ አልተገኘም። በ2019 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ 782 የወንድ ጥንዶችን ይዞ ከ76,000 በላይ በሆነ ግንኙነት ዜሮ ቆጠረ።

በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ለእርስዎ ከዜሮው ይልቅ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር አለ። በመጀመሪያው የፓርትነር ጥናት ነፃ ከነበሩት ሰዎች መካከል 11ዱ በጥናቱ ወቅት ተይዘዋል። የያዛቸው ቫይረስ ዘር ሲነጻጸር ግን አንዱም ከቤታቸው ሰው የመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ነው የመጣው። መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው አስተማማኝ ነበር፤ ሳይታወቅ የገባው ከውጭ ነው።

አሁን ወደዚያ ወረቀት እንመለስ። ሲያነቡት ቁጥሩን ከማየትዎ በፊት ደሙ የተወሰደበትን ቀን ይመልከቱ፤ ውጤቱ የሚናገረው ስለዚያ ቀን ነው፤ ወረቀቱ ስለ ወጣበት ቀን አይደለም። ቀጥሎ ቁጥሩ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት የቫይረስ ቅጂ እንዳለ ያሳያል። «ከ50 በታች» ወይም «አልታየም» የሚል ከሆነ የሚፈለገው እሱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ብቻ 80 ወይም 120 ቢመጣ አይደንግጡ፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ብልጭታ ከመለኪያው ልዩነት ሊመጣ ትችላለች፤ ሲደገም ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ መጠኑ በመለኪያ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማስተላለፍ ያለው አደጋ ዜሮ፣ የሚታይ ሆኖ ከ1,000 ያልበለጠው ደግሞ ከዜሮ ያልራቀ እንደሆነ ገልጿል። ከ1,000 በላይ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ መድኃኒቱ በአግባቡ አልተወሰደም፣ ወይም ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዷል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ዘንድ በፍጥነት መመለስ ያስፈልጋል።

የእጮኛዎ ጉድለት አንድ ወረቀት ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ቫይረሱ ወርዶ መርጋቱን ለማወቅ ቢያንስ ስድስት ወር ሕክምና ላይ መቆየትና በሁለተኛ ምርመራ መረጋገጥ ይገባዋል። እስካሁን አምስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ምርመራው ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን ዓመት ከዚያ ቀረብ አድርጌ እጠይቅ ነበር። ውጤቱን አብራችሁ ሄዳችሁ ተቀበሉ። ይህ ሰላይነት አይደለም፤ ጥበቃዎ የተመሠረተው በዚያ ቁጥር ላይ እስከሆነ ድረስ ቁጥሩን የማየት መብት አለዎት። ሊያሳይ የማይወድ ሰው ከሆነ ስለ ቫይረሱ ሳይሆን ስለ ትዳሩ ያስቡበት። ያው ሰው ግን ከመጋባታችሁ በፊት ራሱ ነግሮዎታል፤ በእኔ ዘንድ ይህ ትልቅ ሚዛን አለው።

የሚወስደው ምናልባት ሦስት መድኃኒት በአንድ እንክብል የተዋሐዱበት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ዓይነት ይሆናል፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ኃይለኛ ነው፤ ቫይረሱንም በፍጥነት ያወርዳል። አንድ ቀን ቢረሳ ሰማይ አይደፋም፤ ባስታወሰ ጊዜ ይውሰደው። አደገኛው ለቀናት ማቋረጥ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነገር አለ። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለባቸው የጨጓራ ማስታገሻዎች፣ የካልሲየምና የብረት እንክብሎች ዶሉቴግራቪርን በአንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ሰውየው በየቀኑ ሳያቋርጥ እየዋጠ መድኃኒቱ ግን በሙሉ አይደርሰውም። ስለዚህ እንክብሉን የጨጓራ ማስታገሻውን ከመውሰዱ ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከወሰደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሊውጠው ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ቢጀምርም የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን መጠን ስለሚያወርድ ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ ያደርግለታል። ለማንኛውም ሐኪምና ፋርማሲ ምን እንደሚወስድ መናገር አለበት፤ መደበቅ እዚህ ላይ ይጎዳዋል።

በእርስዎ በኩል ያለው ምርጫ ከኮንዶም ይሰፋል። ኮንዶም በእያንዳንዱ ግንኙነት ሲውል መተላለፍን 80 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከአባላዘር በሽታና ካልታሰበ እርግዝናም ይከላከላል። በነገራችን ላይ ሁለት ኮንዶም ደርቦ መልበስ ጥበቃውን አይጨምርም፤ እርስ በርስ ሲፋተጉ ሊቀደዱ ይችላሉ። ቫዝሊንና ዘይትም የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳሉ። ሁለተኛው መንገድ ፕሬፕ ነው፤ ነፃ የሆነ ሰው ከመጋለጡ በፊት የሚወስደው የመከላከያ መድኃኒት። በኬንያና በኡጋንዳ ከ4,700 በላይ ጥንዶች በተሳተፉበት፣ በ2012 በታተመ ጥናት ቴኖፎቪርና ኤምትሪሲታቢን የያዘው እንክብል መያዝን በ75 በመቶ ቀንሷል፤ ይህ ደግሞ ሳይወስዱ የዋሉትን ጨምሮ ነው። በአንጻሩ በሴቶች ላይ የተደረጉ ሌሎች ሁለት ጥናቶች ምንም ጥቅም አላሳዩም። ምክንያቱ መድኃኒቱ አልነበረም፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች አይወስዱትም ነበር። ካልዋጡት አይሠራም።

ለእርስዎ ሁኔታ የሚስማማው በእነዚያው አገሮች 1,013 ጥንዶች የተሳተፉበት ሌላ ሥራ ነው። ነፃ የሆነው ወገን ፕሬፕን እንደ ድልድይ ይወስዳል፤ የታመመው ስድስት ወር ሕክምና ሲሞላው ድልድዩ ይነሣል። በ2016 የወጣው ውጤት ከሚጠበቀው ጋር ሲነጻጸር መያዝ በ96 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ፕሬፕ ለሴት በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ ጥበቃው ከመያዙ በፊትም ሰባት ቀን መወሰድ አለበት። አንዳንድ ወንዶች ግንኙነት በሚኖርበት ጊዜ ብቻ የሚወስዱበት አወሳሰድ በሴት ብልት ግንኙነት ስለማይሠራ አይሞክሩት። ከመጀመርዎ በፊት የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የኩላሊት ምርመራ ይደረግልዎታል። ሄፓታይተስ ቢ ካለ መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ጉበትን ሊያስቆጣ ይችላል። ሳይታወቅ በኤችአይቪ ተይዞ ፕሬፕ መውሰድ ደግሞ ቫይረሱን መድኃኒት ያስለምደዋል። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ከእጮኛዎ ብልቃጥ ወስደው አይዋጡ። የእሱ መድኃኒት ለመታከም የተቀመረ ነው፤ ከእሱ የቀነሱበት እንክብልም የእሱን ጥበቃ ያጎድላል፤ ያ ደግሞ የእርስዎ ጥበቃ ነው።

በየቀኑ መዋጥ ለሚከብዳት ሴት በየሁለት ወሩ የሚወጋ ካቦቴግራቪርና በየወሩ የሚቀየር የዳፒቪሪን ቀለበት አሉ። ከሁሉ አዲሱ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ከሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋው ሌናካፓቪር ነው። በ2024 በይፋ በተገለጸው የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ጥናት ይህን መርፌ ከወሰዱ 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ለመከላከያ እንዲውል መክሯል። ክትባት ግን አይደለም፤ መርፌው ሲቆም ጥበቃውም እየሳሳ ይጠፋል። እርስዎ የሚያስፈልግዎ የጥቂት ወራት ድልድይ ስለሆነ እንክብሉ ይበቃዎታል።

ግርዛትን በተመለከተ፦ ግርዛት ወንድ ከሴት የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች አሳይተዋል። የሚጠብቀው ግን ወንዱን ነው። ቫይረሱ ያለበት የተገረዘ ወንድ ወደ ሴት እንዳያስተላልፍ አይከለክለውም። ብርጭቆውም፣ ማንኪያውም፣ መሳሳሙም፣ መተቃቀፉም አያስተላልፉም። ምላጭ መጋራት የለባችሁም፤ የ«አይተላለፍም» ማስረጃም የተገኘው ለግብረ ሥጋ ግንኙነት እንጂ መርፌ ለመጋራት አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒቱም ቂጥኝንና ጨብጥን አይከላከልም።

ልጅ መውለድን በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱት አባትየው በቀጥታ ለፅንሱ ያስተላልፋል ብለው ነው። ቫይረሱ ወደ ልጅ የሚደርሰው በእናት በኩል ብቻ ነው፤ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወተት። እርስዎ ነፃ ሆነው እስከቆዩ ድረስ ልጁን የሚያገኘው መንገድ የለም። ሕክምና በሌለበት ሁኔታ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። አደገኛው እናት በእርግዝና ወይም በማጥባት ወቅት አዲስ ስትያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ቫይረሱ በደሟ እጅግ ይበዛል፤ እሷም መያዟን አታውቅም። ስለዚህ ማርገዝ የሚሞክሩት የእጮኛዎ ሁለተኛ ውጤት ከመጣ በኋላ ነው፤ ሲያረግዙም አንዴ «ነፃ ነሽ» ተብሎ የሚተው ሳይሆን በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ የሚደጋገም ምርመራ ይጠይቁ። ፕሬፕ በሁለቱም ጊዜ ሊወሰድ ይችላል።

እህትዎ የፈሩት ከጥላቻ አይመስለኝም፤ ለዓመታት የተነገረው የመከላከል ትምህርት ራሱ በፍርሃት ላይ የቆመ ስለነበር ነው። ኮንዶም፣ መታቀብ፣ መጠንቀቅ ሁሉም በአብዛኛው ነፃ የሆነውን ሰው ይመክሩ ነበር። ከ2011 በኋላ የመከላከል ሥራው ወደ ታማሚው ሕክምና ዞሯል፤ ከ2015 ጀምሮም የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የተያዘ ሁሉ የሲዲ4 ቁጥሩ (በሽታን የሚከላከሉ ሕዋሳቱ ብዛት) እስኪወርድ ሳይጠበቅ እንዲታከም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ለ2025 ያስቀመጠው ግብ ሦስት 95 ነበር፦ ቫይረሱ ካለባቸው 95 በመቶው ራሳቸውን እንዲያውቁ፣ ካወቁት 95 በመቶው እንዲታከሙ፣ ከታከሙት 95 በመቶው ቫይረሳቸው እንዲወርድ። ሦስቱን አባዙና ሁሉም ቢሳካ እንኳ 86 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከተቀረው አደጋ ትልቅ ድርሻ ያለው ያልተመረመሩት ዘንድ ነው። እጮኛዎ ከመመርመሩ አንድ ቀን በፊት ማንም አልፈራውም ነበር፤ አደገኛ የነበረው ግን ያን ጊዜ ነው። እህትዎ ራሳቸው የተመረመሩት መቼ እንደሆነ ቢጠይቋቸው አይከፋም።

የምመክርዎ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ይመርመሩ። ነፃ ከሆኑ ፕሬፕ ይጀምሩ፤ ኮንዶሙንም አሁኑኑ አይጣሉ። እጮኛዎ ስድስት ወር ሲሞላው ሁለተኛውን ምርመራ ያድርግ፤ ሁለታችሁም የአባላዘር በሽታ ምርመራ አድርጉ። ሁለተኛው ውጤትም «አልታየም» ካለ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደና ሌላ የግንኙነት ጓደኛ ከሌላችሁ፣ ኮንዶሙን መተው፣ ከዚያም ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ፕሬፕን ማቆም ይችላሉ። በሁለት ሁኔታ ግን ፕሬፑን እንዲያቆዩት እፈልጋለሁ፦ ሌላ ሰው በመካከል ሊኖር ይችላል ብለው ከጠረጠሩ፣ ወይም እጮኛዎ መድኃኒቱን እየዘለለ መሆኑን ካስተዋሉ።

ፕሬፑ ከመጀመሩ በፊት ኮንዶሙ ቢቀደድ ወይም ቢወልቅ፣ ከ72 ሰዓት በፊት፣ ከተቻለ በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም ሄደው ፔፕ የሚባለውን ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት ይጠይቁ። 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ሰኞ እስኪደርስ ብለው አይጠብቁ።